ዶሮው ከላይ እያረረ ከውስጥ አልጫ ሲሆን፦ የእስያ ዘዬ መዘፍዘፊያ በልኩ

ጥያቄ፦ «የዶሮ ደረት በሶይ ሶስ፣ በማር፣ በዝንጅብልና በሎሚ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ጠርዙ ነጭ ሆኗል። መጥበሻ ላይ ሳደርገው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ጠቆረ። ሲበላ ላዩ የላሸቀ፣ ውስጡ ደረቅና ጣዕም የለሽ ነው። ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ፣ መጠኑ በትክክል የተነገረ የእስያ ዘዬ ማሪኔድ ብታሳዩኝ?»

ምላሽ፦

ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱም ጥፋት የለበትም። ያበላሸው አራቱም በአንድ ሳህን፣ በአንድ ሰዓት ገብተው አብረው ማደራቸው ነው። ከአራቱ ወደ ሥጋው ውስጥ ጠልቆ የሚገባው በሶይ ሶሱ ያለው ጨው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የማሩ ጣፋጭነት፣ የዝንጅብሉና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ፣ ዘይቱና ቅመሙ ሌሊቱን ቢያድሩም ከላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፉም። ሎሚው ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጦ ሥጋውን ያለ እሳት እንደማብሰል ያደርገዋል፤ ጠዋት ያዩት ነጭ ጠርዝ የሱ ሥራ ነው። ስለዚህ የትኛው ቀድሞ እንደሚገባና የትኛው መጨረሻ ላይ እንደሚቀባ ከተለየ ግማሹ ችግር ያኔውኑ ይቃለላል።

እስያ ሰፊ ናት፤ በእርጎ የሚዘፈዘፈውም፣ በኮኮናት ወተት የሚዘፈዘፈውም የእስያ ነው። የእርስዎ ሶይ ሶስ፣ ዝንጅብልና ማር ያለበት ስለሆነ ወደ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ወጥ ቤት የሚያደላውን ነው የምናየው።

መጠኑ አጥንት ለሌለው 1 ኪሎ ሥጋ ነው። የሾርባ ማንኪያ ሲባል 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ሁለቱም ያልተቆለለ።

ሶይ ሶስ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ
ሽታ የሌለው የምግብ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
ማር ወይም ቡናማ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
የሩዝ አቼቶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ (15 ግራም ገደማ)
ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ፣ የተፈቀፈቀ ወይም የተወቀጠ
ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ለመጨረሻ የሚቀባው፣ ለብቻው በሌላ ዕቃ የሚቀመጠው፦ ሶይ ሶስ 2፣ ማር 2፣ የሩዝ አቼቶ 1፣ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ። በተጨማሪ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ።

የማሩ አብዛኛው ወደ ሁለተኛው ዕቃ መሄዱን ልብ ይበሉ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ ሶይ ሶሱን እንጨርስ፤ ጠቅላላ ነገሩ የተሸከመው እዚያ ላይ ነውና።

የተለመደው ሶይ ሶስ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። ሶዲየሙን በ2.5 ሲያባዙት የጨው መጠን ይሆናል፤ ማለትም 2.3 ግራም አካባቢ። አምስቱ ማንኪያ ከ11 ግራም በላይ ጨው ይዞ ይገባል ማለት ነው፤ ይህም ከ1 ኪሎ ሥጋ 1.1 ወይም 1.2 በመቶ ነው። ለዶሮ ሥጋ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ጨው ጣዕሙን ያወጣዋል፤ ከዚያ ሲያንስ አልጫ፣ ሲያልፍ ደግሞ የደረቀ የጨው ሥጋ ይመስላል። የገዙት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሶዲየም አይተው ይህንኑ ስሌት ያድርጉ። ጨው የተቀነሰለት ዓይነት ብዙ ጊዜ ከመደበኛው በ40 በመቶ ያነሰ ስለሆነ በአምስት ማንኪያ አይበቃም፤ 8 ማንኪያ ያድርጉት ወይም ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ያህል ተራ ጨው ይጨምሩበት። ሥጋው ከነአጥንቱ 1 ኪሎ ከሆነ 4 ማንኪያ ይበቃዋል፤ አጥንት ጨው አይጠጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በቻይና ሶስ ላይ «ቀላል» ወይም «ላይት» የሚለው ቃል ቀጭንና ፈዛዛ ማለት ነው እንጂ ጨው የቀነሰ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከወፍራሙ የበለጠ ጨዋማ ነው። ጥቁሩና ወፍራሙ («ዳርክ») የሚጨመረው ለቀለም ነው። ለ1 ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ አምስቱንም ማንኪያ በሱ ከሞሉት ሥጋው ገና ሳይበስል ጥቁር ስለሚሆን መብሰል አለመብሰሉን በዓይን መለየት አይችሉም። ሌላው የሚነበበው የይዘት ዝርዝሩ ነው። ውሃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ብቻ ካለው በእርሾ በወራት የበሰለ ነው። «ሃይድሮላይዝድ የአትክልት ፕሮቲን»ና ካራሜል የሚል ካለበት በአሲድ በፍጥነት የተሠራ ነው፤ እሱም ያገለግላል፣ ግን ጣዕሙ ስለታምና አንድ ወጥ ስለሚሆን ማሩ ትንሽ ጨመር እንዲልለት ይፈልጋል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ ታማሪ የሚባለውን፣ ከስንዴ ነጻ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ።

ጨው ሥጋው ውስጥ የሚሠራው ማጣፈጥ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ከሥጋው ላይ ውሃ ይስባል፤ ለዚህ ነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ውስጥ ፈሳሹ በዝቶ የሚገኘው። ከዚያ ያ ጨዋማ ፈሳሽ ቀስ እያለ ተመልሶ ይገባና የተወሰኑ የሥጋውን ፕሮቲኖች ያላላቸዋል። የላሉት ፕሮቲኖች እሳት ሲነካቸው እንደ በፊቱ አይጨማደዱም፤ ውሃቸውንም ይይዛሉ። ይህ ሂደት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚዘፈዘፍበት ጊዜ የሚወሰነው በሥጋው ውፍረት ነው።

በጣት ውፍረት ለተቆራረጠ ደረት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ሙሉ ደረት ከ2 እስከ 4 ሰዓት። አጥንት የሌለው ታፋ ከ2 እስከ 8 ሰዓት፤ ማደርም አይጎዳውም። ክንፍ ከ4 እስከ 12 ሰዓት። ከነአጥንቱ የሆነ እግር እስከ 24 ሰዓት ይችላል። ደረትን አለማሳደር ነው፤ ስብ ስለሌለው የጨው ብዛትንም የአሲድ ጉዳትንም የሚሸፍንለት የለም። ሙሉ ደረት ከሆነ ደግሞ ከመዘፍዘፍዎ በፊት ወፍራሙን ጫፍ በፕላስቲክ ሸፍነው በመዳመጫ መታ መታ በማድረግ ከዳር እስከ ዳር 2 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። አለበለዚያ ቀጭኑ ጫፍ ደርቆ ሲያልቅ ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው።

የላሸቀው ላይ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ ሎሚው ነው። አሲድ የሥጋውን ገጽ ፕሮቲን ይቋጥረዋል፤ ሲቆይ ውጤቱ እንደ ኖራ የሚፈረፈር ነጭ ንብርብር ነው። የሩዝ አቼቶ ለስላሳ ስለሆነ 1 ማንኪያው በ1 ኪሎ ላይ ጉዳት አያደርስም፤ ለጣዕም ሚዛን ነው የገባው። ሎሚ ከወደዱ ግን ዶሮው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጭመቁበት። ሽታው ትኩስ ሆኖ የሚቆየውም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዝንጅብሉ ነው፤ ይህ ብዙዎችን ይገርማል። ትኩስ ዝንጅብል ሥጋ የሚፈጭ ኢንዛይም (ዚንጊባይን) አለው። በልኩ ሲሆን ያለሰልሳል፤ ሁለትና ሦስት እጥፍ ተጨምሮ ሲያድር ግን ላዩን እንደ ሊጥ ያደርገዋል። የዝንጅብሉ ጭረት ሥጋው ላይ እንዳይቀር ከፈለጉ የፈቀፈቁትን መዳፍዎ ላይ አድርገው ይጭመቁትና ጭማቂውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ፍቅፋቂ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጭማቂ ይወጣል፣ እጅዎ ላይ የሚቀረው ጭረቱ ነው፤ መጥበሻ ላይ የሚያርረውም እሱ ነው። ትኩስ አናናስ፣ ፓፓያና ኪዊም ኢንዛይም አላቸው፣ ከዝንጅብል ይብሳሉ፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዶሮ ጋር ማቆየት አይገባም። የታሸገ አናናስ ሲታሸግ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል፤ ማጣፈጥ እንጂ ማለስለስ አይችልም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሶይ ሶሱን፣ ማሩንና አቼቶውን መጀመሪያ ያማስሉ፤ ማሩ ሳይሟሟ ዘይት ከገባ ሥር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ዘይቶች። በጣትዎ ቀምሰው ይፈትሹት፤ መዘፍዘፊያው ብቻውን ሲቀመስ በጣም ጨዋማ መሆን አለበት። ለስላሳና ጥሩ ሆኖ ከተሰማዎት ሥጋው ላይ ሲዘረጋ አልጫ ይሆናል። (መቅመሱ እርግጥ ጥሬ ዶሮ ሳይነካው ነው።)

ዶሮውን አይጠቡት። ማጠብ ጀርሙን አያስወግድም፤ ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ቧንቧውና አጠገብ ወዳለው ዕቃ ይረጨዋል። ይልቅ በወጥ ቤት ሶፍት ላዩን አድርቀው ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከመዘፍዘፊያው ጋር ያስገቡት፣ አየሩን አስወጥተው ይዝጉት። ከረጢት የሚመረጠው ትንሽ ፈሳሽ ሥጋውን ዙሪያውን እንዲያለብሰው ስለሚያደርግ ነው። በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ሳህንም ይሆናል፤ በመሃል አንድ ጊዜ ማገላበጥ ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ዕቃ ጨውና አሲድ ስለሚበላው የብረት ጣዕም ይሰጣል። ፍሪጅ ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ፣ በሳህን ላይ ይቀመጥ፤ ከረጢት ሊያፈስ ይችላል። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን የለበትም። «ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚተወው ዶሮ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ማንም አያስታውሰውም፤ ፍሪጅ ውስጥ መዘፍዘፍን ልማድ ማድረግ ይሻላል።

አሁን ስለ ማረሩ። መጥበሻው ላይ የሚሆነውን ቀረብ ብለው ይዩት። ከነፈሳሹ የገባ ዶሮ መጀመሪያ ይንሾካሾካል እንጂ አይጮህም፤ ዙሪያው ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ሥጋው ይገረጣል። ያ ፈሳሽ እስኪተን ድረስ የመጥበሻው ገጽ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሥጋ ቡናማ ለመሆን ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ ይፈልጋል። ውሃው ባለቀበት ቅጽበት ግን ታች የቀረው ማርና ሶስ ብቻ ነው። ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ገና በ110 ዲግሪ አካባቢ መቃጠል መጀመር ስለሚችል፣ ተራ ስኳር ደግሞ ወደ 160 ስለሚቆይ፣ ማር የበዛበት ዶሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከግራጫ ወደ ጥቁር ይዘላል። ከላይ ሲጠቁር በውስጥ ገና አልበሰለም፤ «ይብሰል» ብለው ሲያቆዩት ይደርቃል። የእርስዎ ደረት የሄደበት መንገድ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው። ማሩን በመዘፍዘፊያው ውስጥ ወደ 1 ማንኪያ መቀነስ፤ ዶሮውን ከመጥበስ በፊት ማንጠባጠብና የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ፍርፋሪውን በሶፍት መጥረግ (ጣዕሙ ወጥቶ አልቋልና አይሰስቱ፤ የሚቀረው መራራ ሆኖ የሚያርር ነው)፤ ሦስተኛው ጣፋጩን መጨረሻ ላይ መቀባት። ጃፓኖች ቴሪያኪ የሚሉት ስም ራሱ ከ«ማብረቅ»ና ከ«መጥበስ» የተሠራ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ሶስ ሥጋው እየተጠበሰ ሳለ በላዩ ይቀባል። ሌሊቱን ሙሉ በማር መዘፍዘፍ ለኔ አያዋጣም።

በመጥበሻ፦ መካከለኛ እሳት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ዶሮውን ሳያጨናንቁ ያሰልፉ፤ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ሲያስቀምጡት መጮህ አለበት፤ ካልጮኸ አውጥተው መጥበሻው እስኪግል ይጠብቁ። አጥንት የሌለው ታፋ በመጀመሪያው ጎን 6፣ በሌላው 5 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለማንሳት ሲሞክሩ መጥበሻውን የሙጥኝ ካለ ገና ነው፤ ቡናማ ሲሆን ራሱ ይለቃል። በኦቨን ከሆነ 200 ዲግሪ፣ ትሪው ላይ ፎይል ተነጥፎ ዶሮው በሽቦ መደርደሪያ ላይ ከፍ ብሎ፤ ታፋ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ክንፍ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። በከሰል ከሆነ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ዶሮውን መጀመሪያ ፍም በሌለበት ጎን ያብስሉት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ፍሙ ያምጡት።

ዶሮው እየበሰለ ሳለ ለብቻው ያስቀመጡትን የሚቀባ ሶስ በትንሽ ድስት አፍልተው የተበጠበጠውን ስታርች እያማሰሉ ይጨምሩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ በጣት ሲሰመርበት መስመሩ የማይገጥም ይሆናል። ያወርዱትና፣ ከፈለጉ ሁለት ሦስት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት ይጨምሩ፤ ይህ ዘይት ዋናው ሀብቱ ሽታው ስለሆነ ረጅም እሳት አይወድም። የመጨረሻው 3 ወይም 4 ደቂቃ ሲቀር ዶሮው ላይ በብሩሽ ይቀቡት፣ አንድ ጊዜ ገልብጠው ይድገሙት። ሲያብረቀርቅና ጠርዙ ላይ አረፋ ሲያነሳ ደርሷል።

ጥሬ ዶሮ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ለመቀቢያ አይጠቀሙበት፤ ይድፉት። «እሳት ያገኘዋል» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ድስት ውስጥ በደንብ ከተንተከተከ ነው፣ ከእሳት ሊወርድ ደቂቃ በቀረው ዶሮ ላይ በብሩሽ ሲቀባ ግን አይደለም። ሁለተኛውን ዕቃ ከመጀመሪያው ለብቻው ያስለየሁትም ለዚሁ ነው።

መብሰሉን በቀለም አይፍረዱ፤ ሶይ ሶስ ውስጥ ያደረ ሥጋ ቀድሞውንም ቡናማ ነው። ቴርሞሜትር ካለ ወፍራሙ ቦታ መሃል 74 ዲግሪ ሲያሳይ ደረቱን ያውርዱ። ታፋ ግን በ74 ላይ ለጤና ምንም ባይለው ለጥርስ ገና ነው፤ ጅማቱ እስኪሟሟ ወደ 80 እና 85 ቢደርስ የተሻለ ይለሰልሳል። ለጀማሪ ከደረት ይልቅ ታፋ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢዘነጉት ይቅር ይላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ወፍራሙ ቦታ ላይ በቢላ ጫፍ ይክፈቱት፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ፣ ሥጋው ብርሃን የማያስተላልፍ ነጭ መሆን አለበት። ካወረዱት በኋላ 5 ደቂቃ አሳርፈው የሥጋውን ጭረት አቋርጠው ይቁረጡት።

ደረቱን እንደ ቻይና ምግብ ቤቶች ስስና ለስላሳ ማድረግ ከሆነ ፍላጎትዎ መንገዱ ሌላ ነው። 500 ግራም ደረት ጭረቱን አቋርጠው በስሱ ይቁረጡ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሽተው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ሶዳው የሥጋውን ገጽ ከአሲድነት ስለሚያርቀው ፕሮቲኑ ሲሞቅ እርስ በርሱ አጥብቆ አይያያዝም። አቼቶም ሎሚም እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ከሶዳው ጋር ይጣፋሉ። ሶዳው ከሩብ ማንኪያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከዚያ በጣም በጋለ መጥበሻ 3 ደቂቃ፣ አለቀ።

ዘዬውን መቀየር ሲፈልጉ መሠረቱን ሳይነኩ ነው። ወደ ኮሪያ ለማምጣት ግማሽ የተፈቀፈቀ ፒርና 1 የሾርባ ማንኪያ ጎቹጃንግ (የኮሪያ የበርበሬ ድልህ)፤ ጎቹጃንጉ ጨውም ስኳርም ስላለው ሶይ ሶሱን ወደ 4፣ ማሩን ወደ ዜሮ ያውርዱ። ወደ ታይላንድ ወይም ቬትናም ከሆነ በሶይ ሶሱ ፈንታ የዓሣ ሶስ፤ እሱ በማንኪያ 3.5 ግራም ያህል ጨው ስላለው 3 ማንኪያ ብቻ፣ ከተወቀጠ የሎሚ ሣር ጋር። የዓሣ ሶስ ጥሬውን ይከረፋል፤ እሳት ሲያገኘው ሽታው ይለወጣል፣ አይደንግጡ።

ለቀጣይ ቀን ማዘጋጀት ከፈለጉ ሶይ ሶስ፣ ስኳርና አቼቶውን ቀላቅለው በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርቱን ግን በዕለቱ ይጨምሩ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሆኖ ከፍሪጅ ውጭ መቀመጡ ለቦቱሊዝም (ገዳይ ሊሆን ለሚችል የምግብ መመረዝ) ስለሚያጋልጥ በምንም ምክንያት አይተዉት። ታፋውን ከነመዘፍዘፊያው በረዶ ቤት ማስገባትም ይሆናል፤ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥ እግረ መንገዱን ይዘፈዘፋል።

አንድ ቀን ረስተውት ከሰዓቱ ካለፈና ጨው በዛበት ብለው ከሰጉ፣ ላዩን በደንብ ይጥረጉ፣ ከሚቀባው ላይ ሶይ ሶሱን አውጥተው በውሃ ይተኩት፣ ጨው ሳይገባበት ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ያቅርቡት።